ለ«ስሪት ከፓዝ ይውጣ» የተሰጠ ምላሽ

«ስሪት ከፓዝ ይውጣ» በሚል ርዕስ ሰሞኑን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚቃወሙት የአንድን የድር ገጽ የቀድሞ ስሪት በአድራሻው ፓዝ (ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ በስላሽ እየተከፋፈለ በሚጻፈው ክፍል) ውስጥ በሚገባ ፓራሜትር፣ ማለትም በተጨማሪ መለያ፣ መጥራትን ነው፤ ማለትም «/መመሪያ/2.1/መጫኛ» ወይም «/መመሪያ;ስሪት=2.1/መጫኛ» ብሎ መጻፍን። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰነድ አንድ አድራሻ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ፓዝ ተዋረድን ለማሳየት የተሠራ ስለሆነ የስሪት ቁጥር ቦታው እዚያ አይደለም፤ ስሪት መምረጥ ካስፈለገ ከጥያቄ ምልክት በኋላ በሚመጣው ኩዌሪ፣ ከዚያም በተሻለ በኤችቲቲፒ ሄደር (ብሮውዘርና ሰርቨር ከአድራሻው ውጭ በሚለዋወጡት የማይታይ ማስታወሻ) ይመረጥ፤ በፓዝ ማስገባቱ ካሽን (የተጠየቁ ገጾች ቅጂ ለድጋሚ አገልግሎት የሚቀመጥበትን ማከማቻ) ያጨናንቃል፣ የፍለጋ ሞተሮችን ያደናግራል፣ ለደኅንነት ቀዳዳ ይከፍታል። በመጨረሻም አንባቢ የሌለ ስሪት ከጠየቀ ዝም ብሎ የቅርቡን መስጠት ይበቃል ይላሉ። ከእነዚህ አንዱን እቀበላለሁ፣ አንዱን በከፊል እቀበላለሁ፣ የቀሩትን ግን ጸሐፊው ራሳቸው የጠሯቸው ሰነዶች የሚደግፏቸው ሆነው አላገኘኋቸውም።

ምሳሌዎቼን በፊደላችን የጻፍኳቸው እንዲነበቡ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ አድራሻ በኔትወርክ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት፣ ባይቶቹ በ«%» ምልክት ሲጻፉ ደግሞ 9 ምልክት ስለሚሆን፣ ከብሮውዘር ተገልብጦ ሲለጠፍ የሚወጣው ረጅም የምልክት ድርድር ለዓይን የሚያምር አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ መደበላለቅ ላጥራ። ጸሐፊው በመግቢያቸው ያቀረቧቸው ምሳሌዎች ሁሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው የኤፒአይ አድራሻዎች ናቸው። በእነዚያ አድራሻዎች ውስጥ የሚታየው «ስሪት 1» የመነጋገሪያውን ውል የሚያመለክት ነው እንጂ ይዘቱ መቼ እንደተጻፈ አይናገርም፤ በ«ስሪት 1» የሚጠራ የደንበኛ መዝገብ ዛሬ ሲጠራ የዛሬውን፣ ነገ ሲጠራ የነገውን ይሰጣል። እኛ የያዝነው ጉዳይ ይዘቱ ራሱ ቀደም ሲል ምን ይል እንደነበር መልሶ ማግኘት ነው። የኤፒአዩ ክርክር እዚህ የገባው በስም መመሳሰል ብቻ ስለሆነ እተወዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ «አንድ ሰነድ፣ አንድ አድራሻ» የሚለው ነው። አባባሉ ያምራል፤ ችግሩ «ሰነድ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሁለት ነገር መሸከሙ ነው። አንደኛው በየጊዜው እየታደሰ የሚሄደው ሰነድ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ቀን ወጥቶ ከዚያ ወዲያ ቃሉ የማይነካው ጽሑፍ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻቸው አድራሻ ቢኖራቸው መርሁ ተከበረ እንጂ አልተጣሰም። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ3ሲ ይህን ልዩነት ሲሠራበት የኖረ ነው። ኤችቲኤምኤል5 ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ደረጃ ሆኖ ሲወጣ፣ ዓመቱንና «20141028» የሚለውን የቀን ቁጥር በፓዙ ውስጥ የያዘ የማይለወጥ አድራሻ ተሰጥቶታል፤ ከዚሁ ጎን ቀን የሌለውና ወደ ቅርብ ጊዜው የሚያደርስ አጭር አድራሻ አለ። የደረጃዎቹን ሰነዶች የሚከፍት ሰው በራስጌያቸው ላይ «ይህ ስሪት» እና «የቅርቡ ስሪት» የሚሉ ሁለት ሊንኮች አብረው ተጽፈው ያገኛል። ከ1991 ጀምሮ የሳይንስ ጽሑፎችን በነጻ የሚያቀርበው አርካይቭም (በኋላ ከማነሣው ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው) የጽሑፉን መለያ ቁጥር ብቻ ለጻፈ የቅርቡን ስሪት፣ ከቁጥሩ መጨረሻ «ቪ1» ወይም «ቪ2» ለጨመረ ደግሞ ያንኑ ስሪት ይሰጣል። አንባቢ ተደናገረ የሚል ስሞታ የሚነሣው ሁለቱ አድራሻዎች አብረው ሲኖሩ አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ምስክር አድርገው የጠሩት የድር ፈጣሪው ቲም በርነርስ-ሊ በ1998 የጻፉትን፣ ጥሩ አድራሻ እንደማይለወጥ የሚያሳስበውን ታዋቂ ጽሑፍ ነው። ምስክሩ ግን ለጠሪው አልመሰከረም። ያ ጽሑፍ ከአድራሻ ውስጥ ይውጡ ብሎ የሚመክረው ሊለወጡ የሚችሉትን ነገሮች ነው፤ የጸሐፊን ስም፣ የርዕሰ ጉዳይ ምድብን፣ የፋይል ቅጥያን፣ «ረቂቅ»፣ «አሮጌ»፣ «የቅርቡ» የሚሉ የደረጃ ቃላትን። ሰነዱ የተፈጠረበትን ቀን ግን ፈጽሞ የማይለወጥ ነገር ስለሆነ በአድራሻ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ጥሩ መነሻ አድርጎ ያቀርበዋል። የስሪት ቁጥርም ጠባዩ እንደ ቀኑ ነው፤ 2.1 አንዴ 2.1 ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር አይሆንም።

ሁለተኛው ነጥብ ፓዝ ለተዋረድ ብቻ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አርኤፍሲ 3986ን ጠቅሰዋል፤ አርኤፍሲ የሚባሉት የኢንተርኔት አሠራር የሚገለጽባቸው ባለ ቁጥር ሰነዶች ሲሆኑ፣ ይህኛው የአድራሻ አጻጻፍን የሚደነግገውና በጃንዋሪ 2005 የወጣው ሰነድ ነው። የጠቀሱት ክፍል 3.4ን ነው፤ ኩዌሪ ተዋረድ የሌለውን መረጃ ይይዛል ይላል። እውነት ነው፣ ይላል። ከእሱ በፊት ያለውን ክፍል 3.3ን ግን አለፉት። በዚያ ክፍል አንድ የፓዝ ቁራጭ፣ ማለትም በሁለት ስላሾች መካከል ያለው ጽሑፍ፣ ለአጠቃላዩ ሰዋስው ውስጡ የማይታይ እንደሆነ፣ አድራሻውን የሚሠራው ወገን ግን በሴሚኮለንና በእኩል ምልክት ፓራሜትሮችን ሊለይበት እንደሚችል ተጽፏል። ለዚህ የተሰጠው ምሳሌ ደግሞ ሌላ አይደለም፣ ስሪት ነው፦ «ስም;ቪ=1.1» ብሎ የሚጽፍ እንዳለ ሁሉ «ስም,1.1» ብሎ ያንኑ የሚል ሊኖር ይችላል ይላል። ስሪት በፓዝ ቦታ የለውም ለሚል ክርክር ይህ ሰነድ ከሁሉ የከፋ ማስረጃ ነው። ታሪኩም ወደዚያው ያመለክታል፤ በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1808 ፓራሜትርን በፓዙ መጨረሻ ላይ ብቻ ያውቅ ነበር፣ በ1998 የወጣው አርኤፍሲ 2396 በየቁራጩ እንዲገባ ፈቀደ፣ የ2005ቱ ደግሞ ዝርዝር ሰዋስውን አውጥቶ ለአድራሻው ባለቤት ተወው።

በሕጉ ብቻ ከሄድን ግን ኩዌሪም ቢሆን ከፓዝ ጋር ሆኖ የሚጠራውን ገጽ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ «/መመሪያ/መጫኛ?ስሪት=2.1» ብሎ የጻፈ ሰው አልተሳሳተም። ስለዚህ ሕጉ አቻ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ጸሐፊው አንድ ቃል ያልተናገሩለት ነገር ነው፤ እሱም አንጻራዊ ሊንክ፣ ማለትም ካለንበት ገጽ አድራሻ ተነሥቶ የሚሟላ አጭር ሊንክ፣ የሚፈታበት መንገድ ነው፤ እኔን ወደዚህ ክርክር ያስገባኝም እሱ ነው።

አንባቢው «/መመሪያ/2.1/መጫኛ» የሚለው ገጽ ላይ ነው እንበል። በገጹ ግርጌ ያለው የ«ቀጣይ» ሊንክ በውስጡ የያዘው «ማዋቀሪያ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ከመነሻው አድራሻ ከመጨረሻው ስላሽ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥልና «ማዋቀሪያ»ን ይቀጥልበታል፤ ውጤቱ «/መመሪያ/2.1/ማዋቀሪያ» ይሆናል። ስሪቱ አብሮ ሄደ። አሁን ደግሞ ያው አንባቢ «/መመሪያ/መጫኛ?ስሪት=2.1» ላይ ነው እንበል። ያው ሊንክ ሲፈታ ውጤቱ «/መመሪያ/ማዋቀሪያ» ነው። ኩዌሪው ወደቀ። የወደቀው በብሮውዘር ስህተት አይደለም፤ የአርኤፍሲ 3986 የአፈታት ሕግ ሊንኩ የራሱ ፓዝ ካለው የመነሻው ኩዌሪ እንዳይወረስ ስለሚያዝ ነው። ሰርቨሩም ስሪት ስላልተነገረው የቅርቡን ያቀርባል፤ ገጹ በመልክ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንባቢው ከአንድ ስሪት ወደ ሌላ መሻገሩን የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

ይህን በመጽሐፍ አላነበብኩትም። በምሠራበት ቦታ የአንድ ሥርዓት የአጠቃቀም መመሪያ በኩዌሪ ስሪት ይጠራ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ሌሊት ላይ የቆየ ሰርቨር ሲያድስ የ2.1ን መመሪያ ከፍቶ የመጀመሪያውን ገጽ እንደተጻፈው ፈጸመ፣ «ቀጣይ»ን ተጫነ፣ ሁለተኛውንም እንደተጻፈው ፈጸመ፤ አገልግሎቱ ግን አልነሣ አለ። በማግስቱ የሰርቨሩን መዝገብ ስናገላብጥ ሁለት መስመር ተከታትለው አገኘን። የላይኛው «/መመሪያ/መጫኛ?ስሪት=2.1» ይላል፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ የገባው የታችኛው «/መመሪያ/ማዋቀሪያ» ብቻ። ሁለተኛው ገጽ የስሪት 4 ነበር፤ በስሪት 4 የማዋቀሪያ ፋይሉ የአንድ ክፍል ስም ተለውጧል። ግማሽ ቀን የፈጀብን ስህተት ያ አንድ የወደቀ ኩዌሪ ነበር። ባልደረባዬ መመሪያውን አልጣሰም፤ ጥፋቱ አንድ የሚመስል መመሪያ ሳያውቀው ሁለት ሆኖበት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ገጾቹን የሚያመነጨው ፕሮግራም በየሊንኩ ኩዌሪውን ይጨምርበት» የሚል ነው። ይቻላል፤ እኛም ለጊዜው ያደረግነው ይህንኑ ነበር። ግን በሲኤስኤስ ፋይል (የገጹን መልክ በሚወስነው) ውስጥ ያሉት የምስል አድራሻዎች፣ በጃቫስክሪፕት ፕሮግራም የሚገጣጠሙት ሊንኮች፣ ጸሐፊዎች በእጃቸው የሚያስገቧቸው ማጣቀሻዎች ሁሉ እየታደኑ መነካት አለባቸው፤ አንዱ ከተረሳ አንባቢው በዝምታ ወደ ሌላ ስሪት ይወድቃል። በፓዝ ሲሆን የሲኤስኤስ ፋይሉ ራሱ «/መመሪያ/2.1/» ሥር ስለሚቀመጥ ከእሱ አንጻር የተጻፈው የምስል አድራሻም ሳይነካ በዚያው ስሪት ውስጥ ይቀራል።

ለሙሉነቱ የራሴን ወገን ድክመትም ልናገር። በስላሽ የሚጀምር ሊንክ፣ ለምሳሌ «/ምስል/አርማ»፣ ከድረ ገጹ መነሻ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ስላሽ፣ ጀምሮ ስለሚፈታ የፓዙንም ስሪት ይጥላል። ፓራሜትሩ በመጨረሻው ቁራጭ ላይ ከተለጠፈም፣ ማለትም «/መመሪያ/መጫኛ;ስሪት=2.1» ከሆነ፣ ቁራጩ ሲቆረጥ አብሮ ስለሚቆረጥ ከኩዌሪ የተሻለ ነገር የለውም። በርነርስ-ሊ በ1996 ባስቀመጡት የማትሪክስ አድራሻ ሐሳብ እንዲህ ያሉ ፓራሜትሮች ሊንክ ሲፈታ የራሳቸው አያያዝ እንዲኖራቸው ታስቦ ነበር፤ ብሮውዘሮች ግን አልተቀበሉትም፣ ሴሚኮለንን እንደማንኛውም ምልክት ያልፉታል። ስለዚህ ፓራሜትሩ መግባት ያለበት አብሮ በሚታተመው ክፍል ደረጃ ነው። መመሪያው በሙሉ አንድ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከ«መመሪያ» ቀጥሎ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው የሚታደስ ከሆነ ግን እንደ አርካይቭ ከጽሑፉ መለያ ጋር። ጸሐፊው «በፓዝ ውስጥ» ብለው በአንድ ቃል ያጠቃለሉት ነገር በውስጡ እነዚህን ልዩነቶች ይዟል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ስሪትን በሄደር እንምረጥ የሚለው። ለዚህም ሜሜንቶን ጠርተዋል። ሜሜንቶ በዲሴምበር 2013 በአርኤፍሲ 7089 የተገለጸ ሥርዓት ሲሆን፣ ጠያቂው «አክሴፕት-ዴትታይም» በሚል ሄደር ቀንና ሰዓት ይልካል፣ ታይምጌት የሚባለው አካል ለዚያ ጊዜ የሚቀርበውን ቅጂ ይመርጥለታል፣ የተሰጠው ቅጂ ደግሞ የየትኛው ጊዜ እንደሆነ «ሜሜንቶ-ዴትታይም» በሚል ሄደር ይመልሳል። ግሩም ሥራ ነው፣ አድናቆቴ ከጸሐፊው አድናቆት አያንስም። ነገር ግን ሜሜንቶን ለፓዝ ተቀናቃኝ አድርጎ ማቅረብ አሠራሩን አለማየት ነው። በብዙዎቹ የሜሜንቶ አሠራሮች እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ አድራሻ አለው፤ ታይምጌት የሚሠራው ጠያቂውን ወደዚያ አድራሻ መምራት ነው። ቅጂው የራሱ አድራሻ የማይኖርበትን አሠራርም ሰነዱ ያውቃል፤ ከብዙ አንዱ ሆኖ። በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን (የድር ገጾችን የቀድሞ ቅጂ በሚያስቀምጠው አገልግሎት) የምንደርስበት አድራሻ ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሴኮንድ ተከታትለው የተጻፉበት ባለ 14 አኃዝ ቁጥር በፓዙ ውስጥ የያዘ ነው፤ የዋናው ገጽ አድራሻ ከዚያ ቁጥር ቀጥሎ ይመጣል። ማለትም ሄደሩ በር ነው፣ ቤቱ ፓዝ ላይ ነው።

ሄደር ብቻውን የማይችለውን ሌላም እንይ። አንድ ሰው የሚያነበውን ገጽ ለሌላ ሲልክ የሚልከው አድራሻውን ነው፤ ሄደር በመልእክት ተገልብጦ አይሄድም፣ በግርጌ ማስታወሻ አይጻፍም፣ በወረቀት አይታተምም። ብሮውዘርም ቢሆን ለተራ አንባቢ ቀን የሚጻፍበት ሳጥን የለውም፤ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ሌላው፣ ለእኔ የሚከብደው፣ ጊዜና ስሪት አንድ ነገር አለመሆናቸው ነው። ጊዜ አንድ መስመር ነው፤ ስሪቶች ግን ቅርንጫፍ ያወጣሉ። የፓይተን ቋንቋን ሰነዶች እንውሰድ። ፓይተን 2.7 በ2010 ወጥቶ ድጋፉ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ቆየ፤ ፓይተን 3.8 በኦክቶበር 2019 ወጣ። በኖቬምበር 2019 ሁለቱም ሰነዶች በየፓዛቸው፣ አንዱ በ«/2.7/» ሌላው በ«/3.8/»፣ ትክክለኛና ወቅታዊ ነበሩ። «የኖቬምበር 2019ን ስጠኝ» የሚል ሄደር ከሁለቱ የትኛውን ይስጥ? መልሱ ሁለቱን በአድራሻ መለየት ነው፤ አንዴ ከተለዩ በኋላ ጊዜው በየቅርንጫፉ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። የዳታቤዙ የፖስትግረስ ሰነዶችም «/16/» ብሎ ለጠየቀ የ16ን፣ የጊዜውን ስሪት በሚያመለክተው ቃል ለጠየቀ የቅርቡን ይሰጣሉ። ያንን የሚያነብ ሰው ከአድራሻው ላይ ቁጥሩን በእጁ ለውጦ ወደ ሌላ ስሪት ሲሻገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማንም ሳያስተምረው ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ወደ ካሹ ልለፍ። 10 ስሪት በፓዝ ካስቀመጥክ ካሹ ተመሳሳይ ገጽ 10 ጊዜ ይይዛል ይላሉ። ካሽ የሚይዘው የተጠየቀውን ነው፤ ያልተነበበ ስሪት ቦታ አይፈጅም። ከዚህም በላይ በኩዌሪ ቢሆን በካሹ የሚያዙት አድራሻዎች ያው 10 ናቸው፤ ስለዚህ ክርክሩ ፓዝን ከኩዌሪ አይለይም። በሄደር ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል። ታይምጌት መልሱ በጠያቂው ሄደር እንደሚለያይ «ቬሪ» በሚባለው ሄደር ማሳወቅ አለበት፤ የሚላከው ጊዜ እስከ ሴኮንድ የተጻፈ ስለሆነና አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስላለው፣ የአንድን ቀን ቅጂ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ሴኮንዳቸው ካልገጠመ በመካከል ያለ ተራ ካሽ የአንዱን መልስ ለሌላው መስጠት አይችልም። የተወሰነ ስሪት የያዘ አድራሻ ግን ይዘቱ ስለማይለወጥ 31,536,000 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ዓመት፣ ይቆይ ተብሎ ከመታወጁም በላይ፣ በ2017 በአርኤፍሲ 8246 በተገለጸው መመሪያ ብሮውዘሩ ገጹ እንደገና ሲጫን እንኳ «ተለውጦ ይሆን?» ብሎ እንዳይጠይቅ ማድረግ ይቻላል። አጭር ዕድሜ የሚያስፈልገው ወደ ቅርቡ የሚመራው አድራሻ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ከእኛ ወገን ልቀንስ፤ ካሾች የጥያቄ ምልክት ያለበትን አድራሻ አይዙም የሚለው የድሮ ክርክር በ1990ዎቹ ሚዛን ነበረው፣ ዛሬ ግን የዕድሜ ገደቡ በግልጽ ከተነገረ ችግር ስላልሆነ ለፓዝ ድጋፍ አድርጎ ማንሣት ተገቢ አይደለም።

አምስተኛውን፣ የፍለጋ ሞተሩን ነገር፣ በከፊል እቀበላለሁ፤ ያረጀ ስሪት ከአዲሱ በላይ ተዘርዝሮ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ችግሩ ግን የመለያ እጦት ነው፣ በፓዝ መቀመጡ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ በአርኤፍሲ 6596 የተገለጸው ዋነኛ አድራሻን የሚያመለክት ሊንክ አለ፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ አርኤፍሲ 5829 ከአንድ ስሪት ወደ ቀዳሚው፣ ወደ ተከታዩና ወደ ቅርቡ የሚያመለክቱ የግንኙነት ስሞችን ደንግጓል። በየአሮጌው ገጽ ራስጌ ላይ ለሰውም ለማሽንም «የቅርቡ ስሪት ይኸውና» ማለት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስድስተኛውን፣ የደኅንነቱን ነጥብ፣ ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ካሉትም በላይ ማለት ይችሉ ነበር። በፓዝ ውስጥ የገባ ሴሚኮለንን ሁሉም ሰርቨር አንድ ዓይነት አያነበውም። የጃቫ ሰርቨሮች፣ ለምሳሌ ቶምካት፣ ፓዙን ከማዛመዳቸው በፊት ከሴሚኮለን በኋላ ያለውን የቁራጩን ክፍል ያወጡታል፤ ፊት ለፊት የቆመው ፕሮክሲ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ ኋላው ሰርቨር የሚያስተላልፈው) ግን እንደ ተራ ስም ሊያሳልፈው ይችላል። «/..;/» የሚል ቁራጭ ሲመጣ ፕሮክሲው ስም ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ የኋላው ሰርቨር ሴሚኮለኑን አውጥቶ «..» ስለሚያገኝ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚህ መንገድ የተዘጋ የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ መድረስ የታወቀ የጥቃት ዘዴ ነው። የተጠቃሚን የክፍለ ጊዜ መለያ (ወደ ድረ ገጽ የገባ ሰው የሚታወቅበትን ምስጢራዊ ቁጥር) በሴሚኮለን ከአድራሻ ጋር የመለጠፍ ልማድም ብዙ መለያ ለማይገባው ሰው አሳልፎ ሰጥቷል። ስለዚህ «;ስሪት=2.1» የሚለውን አጻጻፍ አርኤፍሲ 3986 ቢፈቅደውም ዛሬ ለማንም አልመክርም። ይህ ግን የሚጥለው ሴሚኮለኑን ነው። «/መመሪያ/2.1/መጫኛ» ውስጥ ሁለት አካላት ለየቅል የሚያነቡት ምልክት የለም።

ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ የሚያስቸግረኝ ጥያቄ አንድ ነበር፣ አላነሡትም፤ በፓዝ ላይ የተጻፈ ስሪት የሚገባው ቃል ሁልጊዜ የሚፈጸም አለመሆኑ ነው። የዊኪፔዲያን አንድ ገጽ የቀድሞ ስሪት በቁጥሩ ስንከፍት የምናገኘው የዚያን ጊዜውን ጽሑፍ ነው፤ በገጹ ውስጥ የተካተቱት መለጠፊያዎች ግን፣ ማለትም ከሌላ ገጽ እየተጠሩ የሚገቡት ሣጥኖችና ሰንጠረዦች፣ የዛሬዎቹ ናቸው። ስለዚህ የምናየው ገጽ በየትኛውም ቀን በማንም ዓይን ያልታየ ቅልቅል ሊሆን ይችላል። በዌይባክ ማሽንም የገጹ ጽሑፍ በአንድ ቀን፣ ምስሉ በሌላ ወር የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ በአድራሻው ላይ ያለው ባለ 14 አኃዝ ቁጥር የገጹን እንጂ የምስሉን ጊዜ አይናገርም። የፕሮግራም ኮድ በየስሪቱ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይም የቅርንጫፍ ስም በፓዙ ውስጥ ያለበት ሊንክ ስሪት የያዘ ይመስላል እንጂ ቅርንጫፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይዘቱ ይለወጣል፤ የማይለወጠው 40 አኃዝና ፊደል ያለው የኮሚቱ ሃሽ፣ ማለትም የአንዱ ለውጥ መለያ፣ የገባበት ነው፣ የኪቦርዱን «ዋይ» ቁልፍ ሲጫኑ አድራሻው ወደዚያ ይቀየራል። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት ፓራሜትሩን በፓዝ መጻፍ ብቻ እንደማይበቃ፣ ከጀርባው የተያዘው ነገር በሙሉ አንድ ላይ መታሰር እንዳለበት ነው። ወደ ኩዌሪ ወይም ወደ ሄደር በመዛወር የሚድን ድክመት ግን አይደለም፤ እዚያም ያው ነው።

የቀረው የመጨረሻ ምክራቸው ነው፤ የሌለ ስሪት የጠየቀ አንባቢ ዝም ብሎ የቅርቡን ይሰጠው የሚለው። ባልደረባዬን ያ ሌሊት የጣለው ይህን የመሰለ ዝምተኛ ደግነት ስለሆነ ልስማማ አልችልም። ዌይባክ ማሽንም የተጠየቀው ጊዜ ቅጂ ከሌለው ወደሚቀርበው ይወስዳል፤ ልዩነቱ አድራሻው ላይ ያለው ቁጥር አብሮ ስለሚቀየር አንባቢው ምን እንደተሰጠው ማየት መቻሉ ነው። «/መመሪያ/2.7/መጫኛ» በሚል አድራሻ የስሪት 4ን ይዘት ማቅረብ ግን አድራሻውን ማዋሸት ነው። ያልነበረ ስሪት 404 («አልተገኘም» የሚለው የሰርቨር መልስ) ይመለስለት፤ ነበረና የተነሣ ስሪት 410 («ተነሥቷል» የሚለው) ይመለስለት፣ ከ410ሩ ጋር በሚቀርበው ገጽ ላይም መቼና ለምን እንደተነሣ፣ የሚተካው የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። አርካይቭ ደግሞ ከዚህም ያለፈ ያደርጋል፤ አንድ ጽሑፍ በጸሐፊው ጥያቄ ሲነሣ መነሣቱን የሚናገር አዲስ ስሪት ቁጥር ተሰጥቶት ይጨመራል፣ የቀድሞዎቹም በየቁጥራቸው ባሉበት ይቆያሉ።